ንጹሑ ኃይል ደረጃ መውጣት ይችላል ወይ?

የአዲስ አበባው የኮንዶሚኒየም ሰፈራችን የካ አባዶ ወሬ አያጣም። የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ በጋራ መገልገያው በኮሙናሉ በር ላይ፣ ውሃ በመጣ ቀን ጄሪካን ተደርድሮ ባለበት፣ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመልሳል። ሰሞኑን የሚወረወረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፦ ግድቡ፣ የኤሌክትሪክ መኪናው፣ ባቡሩ፣ ችግኙ፣ ፌስታሉ። መንግሥት «አረንጓዴ ልማት» ብሎ የሚደግፈው ነገር ሁሉ እኛ ሰፈር ሲደርስ ተረብ ይሆናል። ተረብ ደግሞ መልስ ይፈልጋል። እነሆ መልሴ፤ ለጎረቤቴም ለባለሥልጣኑም እኩል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ «ከማን ወገን ነህ?» እንዳትሉኝ። ንጹሕ ኃይልና ንጹሕ አካባቢ ለአባዶ ነዋሪ ቅንጦት አይደለም፤ የሳንባው፣ የኪሱና የውሃው ጉዳይ ነው። እስካሁን የተሰጠው ድጋፍ በአብዛኛው ከበር አላለፈም፤ ጉምሩክ በር፣ ግድብ በር፣ ፓርክ በር ላይ ነው ያለው። እኔ የምጠይቀው ደረጃውን ወጥቶ አራተኛ ፎቅ እንዲገባ ነው። ሊፍት የለንም፤ በእግሩ ይውጣ።

«ግድቡ ተመረቀ አይደል? ታዲያ ጎረቤቴ ከሰል ለምን ታቀጣጥላለች?»

ግድቡ ጉባ ነው፣ ምጣዱ አባዶ። መሀል ላይ ሽቦ አለ ወንድሜ! ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህን ማንም እንዲያቃልለው አልፈቅድም፤ ከደመወዙ ቆርጦ ቦንድ የገዛ ሕዝብ የሠራው ነው። ግን ኃይል ከተርባይኑ ወጥቶ እንጀራ እስኪሆን ብዙ ቦታ ያልፋል፦ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ የብሎኩ ዋና መስመር፣ ቆጣሪ፣ ሶኬት። ከነዚህ አንዱ አቅም ካነሰው የጉባ ውሃ ለአባዶ ሊጥ አይደርስም።

ሒሳቡን ተመልከት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ሺህ ምጣድ ባንድ ጠዋት ሲግል 3.5 ሜጋ ዋት ነው። የበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ባንድ ሰዓት ምጣዱን ያስሳል፤ መብራቱ ድርግም ሲል «አጠፉት» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ያጠፋው ሰው የለም፤ ከአቅሙ በላይ የተጫነው ትራንስፎርመር ነው እጅ የሰጠው። ስለዚህ ለሹማምንቱ መልሴ፦ ሜጋ ዋቱን ስታበስሩን ትራንስፎርመሩንም ቁጠሩልን።

ምጣዱም ራሱ ይታይ። ወፍራም ሸክላ እስኪግል ብዙ ኃይል ይበላል፤ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝለት ነገር ከሌለ ሙቀቱ ወደ ታች ይባክናል፤ ክዳኑ ካልገጠመ ወደ ላይ ያመልጣል። ሸክላውን ማሳሳት፣ ሥሩን ሙቀት በማያሳልፍ ነገር መደልደል፣ ክዳኑን ማጥበቅ፤ ይህ ሁሉ የአገራችን ልጆች በአገር ውስጥ ዕቃ የሚሠሩት ቴክኖሎጂ ነው። አንድ ምጣድ ከ3.5 ወደ 2.5 ኪሎ ዋት ቢወርድ ከሺህ ምጣድ አንድ ሜጋ ዋት ይተርፋል፤ ያለ ግድብ፣ ያለ ሲሚንቶ። ለወጣት ፈጠራ ሽልማት የሚሰጥ ሁሉ መጀመሪያ ምጣድ የሚያሻሽለውን ይሸልም።

«ከሰል ይሻለኛል፤ መብራትማ በየሦስት ወሩ ይጨምራል»

እትዬ፣ በታሪፉ እውነትዎን ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ አራት ዓመት እንዲዘልቅ ተወስኗል፤ ኪስ ይሰማዋል። የከሰሉን ዋጋ ግን ጆንያው ላይ ብቻ አይቁጠሩት። የኮንዶሚኒየም ኩሽና ለከሰል ታስቦ አልተሠራም። በር ተዘግቶ የተቀጣጠለ ከሰል የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ያወጣል፤ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ስንት አለ! ከዚያ የተረፈ ደግሞ በልጅ ሳል ይከፍላል። ርካሽ ያሉት ሁለት ጊዜ ያስከፍልዎታል፤ አንዴ ለነጋዴው፣ አንዴ ለክሊኒኩ።

ይህን ለእትዬ ካልኩ ለመንግሥትም ልበል። እናት ከሰል የምትገዛው ጭስ ወዳ አይደለም፤ መብራቱ መቼ እንደሚሄድ ስለማታውቅ ነው። የማይታመን መብራት ከሰልን አያሸንፍም። ከሰሉን ማስቆም የፈለገ መጀመሪያ መብራቱን ያስተማምን።

አዲስ አበባ እኮ በማገዶ ሰበብ ልትፈታ ተቃርባ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ዙሪያው ተመንጥሮ እንጨት ሲጠፋ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ያስቀራት በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ልብ በሉ፤ ቤተ መንግሥቱ ዛፉን አስመጥቶ «ትከሉ» ብሎ አላበቃም። ችግኙን በቅናሽ አከፋፈለ፣ ባሕር ዛፍ ለተተከለበት መሬት ግብር አቀለለ። ሰውም ተከለ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ዛፉ ውሃ ይመጥጣል ተብሎ አብዛኛው እንዲነቀል ሲታዘዝ ግን ትእዛዙ ተፈጻሚ አልሆነም፤ ዛፉ ለባለመሬቱ ማገዶም ገንዘብም ሆኖት ነበርና። ጥቅሙ ቤቱ የገባለት ሰው ፖሊሲውን ራሱ ዘብ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቤቱ ያልገባለት ግን አዋጁን ሰምቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

የማገዶው ሸክም በሴቶች ጀርባ ላይ ቀረ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያላየ አዲስ አበቤ የለም። እዚህ ላይ አስተዳደሩ ያደረገውን መልካም ነገር ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው፦ በ2015 ዓ.ም. በእኛው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተከፈተው የለሚ የእንጀራ ማዕከል ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው እናቶች ሥራ ሰጥቷል። ጀርባን ከሸክም፣ ዐይንን ከጭስ የሚያድን ድጋፍ ማለት እንዲህ ነው። አሁን ተራው የየብሎኩ ኮሙናል ነው። ኮሙናል ሲሠራ ለጋራ ሥራ፣ ለመጋገሪያም ጭምር ታስቦ ነበር። ጠንካራ መስመር ቢገባለትና ጥሩ ምጣድ ቢተከልለት፣ አሥር ቤት ለየብቻው አሥር ምጣድ ከሚያግል ሁለት ምጣድ አግለው ተራ በተራ ይጋግሩ ነበር። የጋለ ምጣድ ለሚቀጥለው እንጀራ ብዙ አይጠይቅም።

«እኔ ለቤንዚን አልሰለፍም፤ አረንጓዴው እኔ ነኝ»

እንኳን ደስ አለህ ጎረቤት፤ ከልቤ ነው። ጭስ የማትለቅ መኪና ለሰፈሩ ሁሉ ትበጃለች። ግን አረንጓዴነቱን ብቻህን አትውሰደው፤ ቀረጡን ሁላችንም ነን የተውንልህ። መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን አነሳ። የጉምሩክ ቀረጡንም ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ አደረገ። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቁ። ከብዙ ሀብታም አገሮች ቀድመን የወሰድነው እርምጃ ነው፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር፣ መብራቷን ከውሃ ለምታገኝ አገር፣ ትክክለኛ እርምጃ ነው።

ጥያቄዬ ከዚህ ይቀጥላል። ለመኪናው የተሰጠው እፎይታ ኃይል ለሚቆጥበው ምጣድ፣ ለፀሐይ ውሃ ማሞቂያው፣ ለባትሪው፣ ከሁሉ በላይ ለአውቶቡሱ ይድረስ። ከአባዶ መገናኛ የሚመላለሰው አብዛኛው ሰው መኪና የመግዛት አቅም የለውም፤ የሚፈልገው ቦታ ነው፣ ታክሲ ውስጥ መቀመጫ። ሙሉ ሰው የጫነ አንድ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ፣ ሹፌሩ ብቻውን ከተቀመጠባቸው ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ይልቅ ሰፈሩን ይጠቅማል፤ ጭስም ያስቀራል፣ መንገድም ይለቃል። ድጋፍ በሰው ቁጥር ይመዘን ከተባለ አውቶቡሱ ይቀድማል።

ቻርጅ ማድረጊያውም አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ቦሌ ላይ ፈጣን የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፍቷል፤ ደግ አደረገ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን መኪና ለመሙላት ገመድ ከመስኮት መልቀቅ፣ በኤክስቴንሽን ላይ ኤክስቴንሽን መቀጠል አደጋ ነው፤ ከሥሩ ሕፃናት ይጫወታሉ። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ የብሎኩ መኪና ማቆሚያ የራሱ ቆጣሪ ያለው የጋራ መሙያ ይኑረው፣ የሞላ ይክፈል። ይህን የሚፈቅድና የሚቆጣጠር አሠራር ማውጣት የመንግሥት ድርሻ ነው። ጎረቤቴ ሆይ፣ እስከዚያ ገመድህን ሰብስብ።

«ባቡሩማ ሞተ»

ባቡር አይሞትም፤ መለዋወጫ ነው የሚያጣው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሁለት መስመር ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ የምሥራቁ ጫፍ አያት ነው፣ ደጃችን። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፣ አብዛኛው የቻይና ብድር። 41 ባቡሮች መጡ። ዓመታት ሲያልፉ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። በኤሌክትሪክ መሄዱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ባቡሩ ሲገዛ የጥገናው ገንዘብና እውቀት እኩል አለመገዛቱ ነው። ቲኬቱ ርካሽ ይሁን ሲባል ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ መወሰን ነበረበት።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባል ከተማ አለች። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ አንድ የጀርመን ፋውንዴሽን ለነዋሪዎቿ ቤቶች የፀሐይ መብራት አስገባ። መብራቱን ሰቅሎ አልሄደም፤ እዚያው ከተማ ውስጥ የፀሐይ ኃይል ቴክኒሻኖች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ከፈተ። አምፖል ሲበላሽ ጠጋኙ የሰፈር ልጅ ነው። ለአዲስ አበባ የሚበጀው ይኸው ነው። ዛሬ ለሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችና አውቶቡሶች ባትሪ የሚከፍት፣ ሞተር የሚያውቅ ልጅ በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ካልሠለጠነ፣ ነገ የባቡሩን ተረብ በአውቶቡሱ ላይ እንደግመዋለን። ግዢ ሲጸድቅ ጥገናው አብሮ ካልጸደቀ፣ ግዢው አይጽደቅ።

«ይህ እኮ የፌዴራል ጉዳይ ነው»

ይህችን የሚናገራት ስብሰባ መሪው ነው፤ ጥያቄው ሲጠብቅ ትመጣለች። መልሱ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ፤ አንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጣታል። ግድቡና ታሪፉ የፌዴራል ይሁኑ። የሕንፃ ፈቃድ፣ የቆሻሻ አሰባሰብ፣ የአውቶቡስ ስምሪት፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ብድር፣ የሥልጠና ኮሌጅ፣ የመሬት ኪራይ ግን እጃችሁ ላይ ነው። በነዚህ ብቻ ብዙ መሥራት ይቻላል።

ክልሎች ያደረጉትን ተመልከቱ። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ሲሠራ የየክልሉ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ነበር የሚያስተባብረው። ገበሬው ጉልበቱንና ድንጋዩን ያዋጣል፣ የወጪውን ከፊል ድጎማ ይሸፍነዋል፣ ግንበኛው ይሠለጥናል። እበት ገብቶ የሚነድ ጋዝ ይወጣል፤ የተረፈው ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ባለቤቱ ያዋጣበት ነገር ስለሆነ ይንከባከበዋል። ለኮንዶሚኒየም እበት አያስፈልግም፤ አሠራሩ ነው የሚያስፈልገው። ነዋሪው ያዋጣ፣ አስተዳደሩ ይሙላ፣ ባለሙያው ይሠልጥን። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ እኛም ይህን ካልጠየቅን ይቀርብናል።

«ከፍያለሁ፤ ቆሻሻውን መንግሥት ያንሳ»

ያነሳዋል። ወዴት ያድርሰው? ከአባዶ የወጣ ቆሻሻ አይጠፋም፤ የሌላ ሰው ደጅ ይደርሳል። ከእኛ አጠገብ በለገጣፎ በኩል የሚያልፈው መንገድ ሰንዳፋ ይወስዳል። እዚያ በፈረንሳይ ገንዘብ የተሠራ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና ፍሳሹን ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ቆመ። ቆሻሻው ወደ ቀድሞው መጣያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

እዚህ ላይ ተረብ የለኝም። ሰንዳፋ ላይ መሐንዲስ አልጎደለም፤ የጎደለው የገበሬው ፈቃድ ነው። የከተማው ቴክኖሎጂ የሌላ ክልል ማሳ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ከተማውና የኦሮሚያ ክልል አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ገበሬው ደግሞ በጠረጴዛው ራስ መቀመጥ ነበረበት። ንጽሕና የጎረቤትን ደጅ አቆሽሾ አይመጣም። ይህን ያልተማረ አስተዳደር የቱንም ያህል ዘመናዊ ዕቃ ቢገዛ ሰንዳፋን ይደግመዋል።

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ 25 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ ነው የታቀደው። በምጣድ ቋንቋ ባንድ ጊዜ ሰባት ሺህ ምጣድ ያህል ማለት ነው። ግን እሳት እርጥብ አይወድም። ከየቤታችን የሚወጣው አብዛኛው የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድና ትርፍራፊ ነው፤ ውሃ አዝሎ ሄዶ እሳቱን ያዳክማል። እዚሁ ብንለየው ብስባሽ ሆኖ በብሎኮች መሀል ጎመንና ሰላጣ ለሚተክሉ ጎረቤቶቻችን አፈር ያለማል። ሀይላንዱና ካርቶኑ ለሚለቅሙት ልጆች እንጀራ ነው። ከኛ የሚጠበቀው ሁለት ባልዲ ነው፤ አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ። ከአስተዳደሩ የሚጠበቀው ደግሞ የለየነውን መኪናው ላይ መልሶ እንዳይቀላቅል ነው። አንድ ጊዜ ሲቀላቀል ያየ ነዋሪ ሁለተኛ አይለይም፤ መለየቱን ማንም በቅስቀሳ አያስመልሰውም።

«ፌስታል ከለከሉ፤ አሁን ቲማቲሙን በኪሴ ልያዝ?»

በዘንቢል ያዝ! እናትህ ያሳደገችህ ዘንቢል ይዛ ገበያ ወጥታ ነው። ስስ ፌስታል ከተከለከለ ቆየ እኮ፤ የ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን አግዶ ነበር። አዋጁ ወጣ፣ ፌስታሉም ወጣ፤ ቱቦ ውስጥ ተገናኙ። ሰኔ 2017 ላይ ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ጠንከር ያለ ነው፤ ይዞ የተገኘን ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣል። ክረምት ሲገባ ቱቦው ተደፍኖ ጎርፍ ምድር ቤት የገባበት ሰው ይህን አዋጅ አይጠላም፤ እኔም አልጠላሁትም።

ለሹመኛው የምለው ግን አለኝ። ቅጣቱን መሬት ላይ ቲማቲም ከደረደረችው እናት አትጀምሩት፤ ከማሽኑ ጀምሩት። ፌስታሉ ሳይመረት ከቀረ እሷ ከየት ታመጣዋለች? ጎን ለጎን ዘንቢል ለሚሰፉ፣ የጨርቅና የወረቀት ከረጢት ለሚሠሩ ማኅበራት ቦታና ብድር ስጡ። ፌስታል በነፃ ይሰጥ ነበር፤ የሚተካው ነገር ዋጋው ካልቀነሰ ድሃ ላይ ነው የሚወድቀው።

«ስንት ችግኝ እንደተተከለ ሰምተሃል?»

ሰምቻለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ባንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉ ታውጇል፤ እኔም አካፋ ይዞ የወጣውን ሕዝብ አከብረዋለሁ። አሁን የምሰማው ሌላ ቁጥር ይሁን፦ ስንቱ ጸደቀ? ችግኝ ሐምሌ ላይ ሁሉም ያምርበታል፤ ፈተናው ጥር ነው፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ። ስለዚህ የአባዶ ችግኝ ባለቤት ይኑረው። በብሎኩ ዙሪያ የተተከለው በብሎኩ ስም ይመዝገብ፤ ለሚቀጥለው ክረምት አዲስ ችግኝ ከመታደሉ በፊት ያለፈው ዓመት ይቆጠር። የጸደቀለት ብሎክ ይመስገን፣ የደረቀበት ምክንያቱን ይናገር። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ውሃ ነው፤ ውሃውን ደግሞ ወደ ላይ ቀና ብለን እናገኘዋለን።

«ጣሪያው የማን ነው? ላይኛው ፎቅ ያለው ይጨነቅ»

የሁላችን ነው፤ ሕግ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የእያንዳንዱን ቤትና የጋራውን ለይቷል፤ ጣሪያው፣ ደረጃው፣ ግቢው የጋራ ነው። የጋራ ነገራችንን ደግሞ ዝናብና ፀሐይ በየዓመቱ ይጎበኙታል፤ እኛ ግን ሁለቱንም ባዶ እጃቸውን እንሸኛቸዋለን።

ዝናቡን እንቁጠር። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከአንድ ሜትር ያልፋል። 300 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 300,000 ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጄሪካን 15,000 ጄሪካን። ከዚህ የሚባክነውን ቀንሱለት፣ ግማሹን ብቻ ያዙ፤ ለልብስ፣ ለደረጃ ማጠቢያ፣ ለመጸዳጃ፣ ለችግኝ የሚሆን ነው። ለመጠጥ አላልኩም። የሚፈልገው የተጠገነ አሸንዳ፣ አንድ ወንፊት፣ አንድ ሮቶ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሰፈር ክረምቱን ሙሉ በቱቦ ሲለቅ ማየት ያናድዳል።

ፀሐዩም አለ። የደረጃ መብራት፣ የጥበቃው ቤት፣ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ከጣሪያ ላይ በሚተከል የፀሐይ ኃይል ሊሠሩ ይችላሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃም አብሮ የሚጠፋው ፓምፑ ስለሚቆም ነው፤ ሁለቱን ችግር ባንድ ዕቃ መፍታት ይቻላል። አስተዳደሩ ለመኖሪያ ሕንፃ ማኅበራት አነስተኛ ወለድ ያለው ብድር ቢያመቻች፣ የጥራት ደረጃውን ቢቆጣጠር፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ብሎኮች ማሳያ ቢያደርግ፣ የቀረው ጎረቤት አይቶ ይከተላል። የአባዶ ሰው ጎረቤቱ ያደረገውን ሳያደርግ አያድርም።

«ዓለምን የበከሉት እነሱ፤ እኛን ምን አገባን?»

በከሉ፤ ይክፈሉም። ለአየር ንብረት ለውጥ አፍሪካ ያበረከተችው ድርሻ ትንሽ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይህን ክርክር በዓለም መድረክ አጥብቀን እንያዘው። ግን የአባዶ ከሰል ጭስ ለንደን አይሄድም፤ ልጃችን ክፍል ነው የሚገባው። የቆሼ ክምር የተናደው በእኛ ሰው ላይ ነው። ኢትዮጵያ የአየር ንብረት ለውጥ የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን በ2004 ዓ.ም. ይፋ ስታደርግ ለራሷ ነበር፤ ከድህነት በንጹሕ መንገድ ለመውጣት።

ደግሞም እንግዳ እየመጣ ነው። 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በ2020 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። እንግዶቹ ቦሌ ያርፋሉ፣ አዳራሽ ይገባሉ፣ የኮሪደር ልማቱን ያያሉ። እኔ ለከተማ አስተዳደሩ የማቀርበው ግብዣ አለ፦ አባዶም አምጧቸው። ግን ባዶ ሰፈር እንዳታሳዩአቸው ከአሁኑ ጀምሩ። ትራንስፎርመሩን አጠናክሩ፤ ለኮሙናሉ ምጣድ፣ ለጣሪያው ፀሐይና ዝናብ ብድር ፍቀዱ፤ የአውቶቡሱን ስምሪት አብዙ፤ የተለየ ቆሻሻ ተለይቶ እንዲሄድ አድርጉ፤ ለሁሉም ጠጋኝ አሠልጥኑ።

እኛም ሥራ አለን። አስተዳደሩ እስኪመጣ የምንጠብቀው ነገር ብዙ ነው፤ የማንጠብቀውም አለ። ሁለቱን ባልዲ ለመግዛት መመሪያ አያስፈልግም፣ ዘንቢል ለመያዝ በጀት አያስፈልግም፣ ገመድ ከመስኮት ለመሰብሰብ ኮሚሽን አይቋቋምም። የብሎኩ ማኅበር ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ጥቂት ሰው ነው፤ በማግስቱ ደረጃ ላይ የሚያማው ሁሉም ነው። በዚህ ወር ስብሰባ ጥሩ፣ ሁላችሁም ውጡ፣ ውሳኔውን ጽፋችሁ ማኅተም አድርጋችሁ ለወረዳው አስገቡ። አጀንዳው ምን ይሁን ለምትሉኝ፦ አጀንዳው አሸንዳው ነው፤ ከእሱ ጀምሩ።